ልጄን የጉድፍ ክትባት ላስከትበው ወይስ ልተወው? የድሬዳዋና የሐረር ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ወላጆች ስለ ጉድፍ ክትባት ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረው ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ጉድፍ ምን ዓይነት በሽታ ነው? ከኩፍኝ በምን ይለያል?

ጉድፍ፣ ብዙ ሰው «ቺክን ፖክስ» እያለ የሚጠራው፣ ቫሪሴላ ዞስተር በተባለ ቫይረስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ነው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ10 እስከ 21 ቀን ይቆያል። ከዚያ መጠነኛ ትኩሳትና ድካም ይመጣል፣ ሽፍታውም አብዛኛውን ጊዜ ከፊት፣ ከደረትና ከጀርባ ይጀምራል። የልጁን ልብስ አውልቀው ብርሃን ባለበት ቦታ ጀርባውን ቢመለከቱ፣ ገና የወጣ ቀይ ነጥብ፣ የውሃ ጠብታ የመሰለ የቋጠረ እብጠትና ደርቆ ቅርፊት የያዘ ቁስል በአንድ መዳፍ ስፋት ላይ ጎን ለጎን ያገኛሉ። ጉድፍን ከሌሎች ሽፍታዎች ለመለየት ከሁሉ በላይ የሚረዳው ይኸው በተለያየ ደረጃ ላይ ያለ ሽፍታ አንድ ላይ መታየቱ ነው። በጸጉር መካከልና በአፍ ውስጥም ይወጣል፣ ክፉኛም ያሳክካል።

ኩፍኝ ግን ሌላ በሽታ ነው። ከባድ ትኩሳት፣ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽና የዓይን መቅላት ለጥቂት ቀናት ከቀደሙ በኋላ ውሃ የማይቋጥር ሽፍታ ከፊትና ከጆሮ ጀርባ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። ኩፍኝ ከጉድፍ ይልቅ እጅግ ብዙ ሕጻናትን ይገድላል፣ ስለዚህም ሁለቱን አለመለየት ዋጋ ያስከፍላል። የዝንጀሮ ፈንጣጣም ከ2017 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ በአገራችን ስለተገኘ፣ ሽፍታው በእጅ መዳፍና በውስጥ እግር ላይ በዝቶ፣ ጠንከርና ጠለቅ ብሎ፣ ሁሉም በአንድ ደረጃ ላይ ሆኖ ከታየ፣ በተለይም ንፍፊት ካለ፣ በግምት ከመወሰን ይልቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

እንዴት ይተላለፋል?

በሳልና በማስነጠስ በአየር፣ እንዲሁም ውሃ የቋጠረውን ቁስል በመንካት ይተላለፋል። የታመመው ልጅ ሽፍታው ከመውጣቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ጀምሮ፣ ቁስሎቹ በሙሉ ደርቀው ቅርፊት እስኪይዙ ድረስ ያስተላልፋል። በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ከሚኖሩና ጉድፍ ወጥቶባቸው ከማያውቅ፣ ካልተከተቡም ሰዎች መካከል ከ10ሩ 9ኙ ያህሉ ይያዛሉ። በሐረር ጁገል ውስጥ እንዳሉት፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ ግቢ በሚጋራባቸው ቤቶች ደግሞ «ቤት» ማለት መላው ግቢ እንደሆነ መቁጠር ይገባል።

ለመሆኑ ያን ያህል አደገኛ ነው? እኛ ሁላችን ወጥቶብን አድገን የለም ወይ?

በአብዛኛው ጤነኛ ልጅ ላይ ጉድፍ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ በራሱ ይድናል፣ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ክትባቱ ባልነበረበት ዘመን በአሜሪካ ብቻ በየዓመቱ 4 ሚሊዮን ያህል ሰው በጉድፍ ይያዝ፣ ከ10,000 በላይ ሰው ሆስፒታል ይተኛ፣ ከ100 እስከ 150 ሰው ይሞት ነበር። ከሞቱት መካከል ቀድሞ ምንም ዓይነት ሕመም ያልነበረባቸው ልጆች ይገኙበታል። ቁጥሩ ከታማሚው ብዛት አንጻር ትንሽ ነው፤ ልጇ ለታመመባት እናት ግን ትንሽ የሚባል ቁጥር የለም።

በልጆች ላይ ዘወትር የሚታየው ጉዳት ልጁ ሲያክ ቆዳው ተልጦ ባክቴሪያ ሲገባበትና ሲያመረቅዝ የሚደርሰው ነው፤ ይህ አንዳንዴ ወደ ደም ይገባል። ከዚያ ቀጥሎ የሳምባ ምች፣ እንዲሁም አልፎ አልፎ የአንጎል መቆጣትና ሚዛን አጥቶ መንገዳገድ ይመጣል። በሽታው ይበልጥ የሚበረታው ከአንድ ዓመት በታች ባሉ ሕጻናት፣ በአዋቂዎች፣ በነፍሰ ጡሮች፣ እንዲሁም በሽታ የመከላከል አቅማቸው በተዳከመ ሰዎች ላይ ነው። በሞቃት አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ ቀዝቃዛ አገር ካሉት ዘግየት ብለው በጉድፍ እንደሚያዙ በብዙ አገሮች ታይቷል። ስለዚህ «ሁሉም ሰው በልጅነቱ ይወጣለታል» የሚለው አባባል እንደ ድሬዳዋ ላለ ቆላ አገር ሙሉ በሙሉ አይሠራም፤ ሳይወጣለት ለአቅመ ሔዋን የደረሰችና ያረገዘች ሴት ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ክትባቱ ምንድን ነው? ስንት ጊዜና በስንት ዓመት ይሰጣል?

የጉድፍ ክትባት በሽታ እንዳያስከትል ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ የተሠራ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጃፓን ሲሆን፣ አሜሪካ በ1995 ፈቅዳ መስጠት ከጀመረች ወዲህ በብዙ አገሮች ለሚሊዮኖች ተሰጥቷል። ከ12 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል። ብዙ አገሮች ሁለት ዙር ይሰጣሉ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ከ12 እስከ 15 ወር፣ ሁለተኛው ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ቢያስፈልግ ግን በሁለቱ መካከል 3 ወር ማቆየት ይበቃል። ዕድሜው 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ በሁለቱ ዙሮች መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆያል።

አንድ ዙር የወሰዱ ልጆች ከ10ሩ 8ቱ ያህሉ ከማናቸውም ዓይነት ጉድፍ ይጠበቃሉ፣ ከከባዱ ዓይነት ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል። ሁለት ዙር ሲሆን ጥበቃው ከ10ሩ ከ9 በላይ ይደርሳል። ተከትቦ በኋላ የሚታመም ልጅ ብዙውን ጊዜ ከ50 ያነሰ ሽፍታ ነው የሚወጣበት፣ ትኩሳቱም ቀላል ነው፤ ያልተከተበ ልጅ ግን ከ250 እስከ 500 ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል።

መንግሥት በነጻ ከሚሰጣቸው ክትባቶች ውስጥ አለ?

የለም። በጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጡት የሳንባ ነቀርሳ፣ የፖሊዮ፣ ፔንታ (አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው)፣ የሳምባ ምች፣ የሮታ (የሕጻናት ተቅማጥ)፣ በ9 እና በ15 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባትና ሌሎች ናቸው። የጉድፍ ክትባት ከእነዚህ መካከል ስላልሆነ፣ የሚፈልግ ቤተሰብ ከግል የጤና ተቋም ጠይቆ፣ ከፍሎ ማስከተብ ይኖርበታል። ይህም ጉዳዩን የእያንዳንዱ ቤተሰብ ውሳኔ ያደርገዋል።

በዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር አለ። የልጅዎ የክትባት ካርድ ላይ ያልተሞላ ክፍት ቦታ ካለ፣ በተለይም የ15 ወሩ ኩፍኝ ከቀረ፣ ስለ ጉድፍ ከማሰብዎ በፊት ያንን ያስሞሉ። የ9 ወሩን ወስዶ የ15 ወሩን የረሳ ልጅ ብዙ ነው፤ ልጁ መራመድ ጀምሮ ሲሮጥ እናት ጤና ጣቢያ መመላለሱን ትተዋለች። ኩፍኝ ሳይከተብ ለጉድፍ ገንዘብ መክፈል ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። የኩፍኝና የጉድፍ ክትባት በአንድ ቀን በተለያየ ክንድ ወይም ጭን ላይ ሊሰጡ ይችላሉ፤ በአንድ ቀን ካልተሰጡ ግን በመካከላቸው ቢያንስ 4 ሳምንት ሊያልፍ ይገባል።

ክትባቱ ምን የጎንዮሽ ጉዳት አለው?

የተወጋበት ቦታ መቅላትና ማበጥ ወይም መጠነኛ ትኩሳት ያጋጥማል። ከተከተቡ ልጆች ጥቂቶቹ በቀጣዮቹ ሳምንታት ጥቂት ነጠብጣብ ሽፍታ ይወጣባቸዋል። ከባድ የአለርጂ ምላሽ እጅግ አልፎ አልፎ ነው የሚታየው፤ ሆኖም ከክትባቱ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል በተቋሙ ውስጥ ተቀምጦ መቆየት የሚመከረው ለዚሁ ነው። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍ፣ የሩቤላና የጉድፍ ክትባት በአንድ መርፌ ተቀላቅሎ ለትናንሽ ሕጻናት ሲሰጥ፣ ለየብቻ ከሚሰጡት ይልቅ ትኩሳት የሚያስከትለው መንቀጥቀጥ በመጠኑ ይጨምራል። በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ዓይነት መንቀጥቀጥ የነበረበት ልጅ ካለ፣ ክትባቶቹ ተለያይተው እንዲሰጡት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከተከተበ በኋላ ለ6 ሳምንት ያህል ለልጁ አስፕሪን አይሰጥ። ይህ አስፕሪን ከጉድፍ ቫይረስ ጋር ተገናኝቶ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ሕመም እንዳያስከትል የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

ልጄ ቀደም ሲል ጉድፍ ወጥቶበት ነበር፤ አሁንም ያስፈልገዋል?

በእርግጥ ጉድፍ ከነበረ አያስፈልገውም፤ አንድ ጊዜ የወጣበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዳግመኛ አይታመምም። ችግሩ «ወጥቶበት ነበር» የሚባለው ብዙ ጊዜ የሙቀት ሽፍታ፣ የትንኝ ንክሻ ወይም እከክ ሆኖ መገኘቱ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት በበረታባቸው ወራት የሕጻናት አንገትና ደረት በሙቀት ሽፍታ እንደሚሸፈን የማያውቅ ወላጅ የለም። እርግጠኛ ካልሆኑ ቢከተብ ጉዳት የለውም፤ ቀድሞ የወጣበትን ልጅ መከተብ የተለየ አደጋ አያመጣም።

ሳላስከትበው ጉድፍ ቢይዘው እንዴት ልንከባከበው?

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ በክብደቱ ልክ ይስጡት። አስፕሪን ፈጽሞ አይሰጥ። አይቡፕሮፌንም ቢቀር ይሻላል፣ ምክንያቱም በጉድፍ ጊዜ ከከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን ጋር ተያይዞ ታይቷል። ይህ ምክር ለድሬዳዋ ነዋሪ እጥፍ ዋጋ አለው። በከተማዋ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የዴንጊ ትኩሳት፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ በወረርሽኝ መልክ ተከስተው ነበር፤ በዴንጊ ጊዜም አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ስለሚችሉ አይሰጡም። እንግዲህ ትኩሳት ያለበት ልጅ ሽፍታው ምን እንደሆነ ገና ሳይታወቅ ከፋርማሲ የትኩሳት መድኃኒት የሚገዛለት ወላጅ ፓራሲታሞል ብሎ ቢጠይቅ ከሁለቱም ስጋት ይድናል። ወባም በከተማዋ ስላለ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ሽፍታውን ብቻ አይቶ «ጉድፍ ነው» ብሎ የወባ ምርመራን መተው አይገባም።

ልጁን አታጥቡት የሚለው ልማድ ጎጂ ነው። ሙቀትና ላብ ማሳከኩን ያባብሳሉ፤ ስለዚህ በቀን አንድና ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውሃ ሳይፈተግ ታጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠጋ ጠጋ እየተደረገ ይደረቅ፣ ስስ የጥጥ ልብስ ይልበስ፣ በቀትርም አየር በሚገባበት ጥላ ቦታ ይዋል። ጥፍሩን በአጭሩ ይቁረጡለት፤ ሲተኛ የሚያክ ሕጻን ከሆነ እጁ ላይ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ ያጥልቁለት። ካላሚን ሎሽን ያስታግሳል። ቅቤም ሆነ ቅጠላ ቅጠል ውሃ በቋጠረው ቁስል ላይ ማኖር ግን ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

ትኩሳቱ ከ4 ቀን በላይ ከቆየ፣ የቁስሉ ዙሪያ ቀልቶ ካበጠና ከነካኩት የሚያመው ከሆነ፣ ልጁ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ከፈዘዘ ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ወይም ቁስሎቹ ደም ከቋጠሩ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። በድሬዳዋ ድል ጮራና ሳቢያን፣ በሐረር ሕይወት ፋናና ጁገል ሆስፒታሎች አሉ። ሲደርሱ ከሌሎች ሕጻናትና ከነፍሰ ጡሮች መካከል ከመቀመጥዎ በፊት ልጁ ጉድፍ ሊኖርበት እንደሚችል ለበረኛው ወይም ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ይንገሩ።

«በልጅነቱ ይውጣለት» ብለን ከታመመ ልጅ ጋር ብናቀላቅለውስ?

ይህ አይመከርም። ሆን ተብሎ የተያዘ ልጅ ቀላል ሕመም ይደርስበታል የሚል ዋስትና የለም፤ ከታመመው ልጅ ጋር ሲጫወት የሚውለው ልጅዎ ማታ ወደ ቤት የሚያመጣው ቫይረስ ደግሞ አራስ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የካንሰር ሕክምና የምትከታተል አክስት ያለችበት ቤት ሊሆን ይችላል የሚገባው። ክትባቱ በሽታው ወጥቶ ከሚተወው መከላከያ ጋር የሚቀራረብ ጥበቃ ይሰጣል፣ ያለ ሕመሙ።

የጎረቤት ልጅ ላይ ወጣ፤ የእኔ ልጅ አብሮት ሲጫወት ነበር። አሁን ባስከትበው ይጠቅመዋል?

ይጠቅመዋል፤ ግን ጊዜ የለም። ከታመመው ጋር ከተገናኘ በ3 ቀን ውስጥ፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ የተከተበ ልጅ በሽታው ላይዘው፣ ወይም ቢይዘው ቀለል ሊልለት ይችላል። ከዚያ ካለፈም ክትባቱ ለወደፊቱ ይጠቅማል። በቤቱ ውስጥ ጉድፍ ያልወጣባት ነፍሰ ጡር፣ አራስ ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ካለ ግን ክትባት ፍለጋ ከመዞር በፊት እነርሱን ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይቀድማል።

እናቱ ነፍሰ ጡር ነች። ልጁ ቢከተብ ለእርሷ አደጋ የለውም?

ልጁ መከተቡ ለእርሷ መልካም ነው። ከተከተበ ልጅ ወደ ሌላ ሰው ቫይረሱ የተላለፈባቸው አጋጣሚዎች እጅግ ጥቂት ናቸው፣ እነርሱም የታዩት የተከተበው ሰው ሽፍታ ሲወጣበት ነው። ስለዚህ ከክትባቱ በኋላ ሽፍታ ከወጣበት እስኪደርቅ ድረስ ሸፈን ማድረግና ከእርሷ ትንሽ ማራቅ ይበቃል። የሚያስፈራው እውነተኛው ጉድፍ ነው። ነፍሰ ጡር በመጀመሪያዎቹ 20 ሳምንታት ከታመመች፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ጽንሱ የእጅ፣ የእግር፣ የዓይን ወይም የአንጎል ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። ከመውለዷ 5 ቀን በፊትና ከወለደች 2 ቀን በኋላ ባለው ጊዜ ሽፍታው ከወጣባት ደግሞ የሚወለደው ሕጻን ለሞት በሚያሰጋ ሁኔታ ሊታመም ይችላል።

እርሷ ራሷ ግን በእርግዝና ጊዜ አትከተብም። ጉድፍ ያልወጣባትና ለማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ ተከትባ ቢያንስ 4 ሳምንት መጠበቅ አለባት። በእኔ አስተያየት በዚህ አካባቢ ከሁሉ ተረስተው የቀሩት እነዚህ ሴቶች ናቸው፤ ስለ ሕጻናቱ የሚጠይቀው ብዙ ነው፣ ገና ሊያገቡ ስላሉት ልጃገረዶች የሚጠይቅ ግን የለም።

መከተብ የሌለበት ልጅ የትኛው ነው?

ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ስላለበት፣ የካንሰር ሕክምና የሚወስድ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ለሳምንታት የወሰደ፣ ወይም ከባድ የመከላከል አቅም ጉድለት ያለበት ልጅ አይከተብም። ኒዮማይሲን ለተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ወይም ለጄላቲን (ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ለሚወጣ ንጥረ ነገር) ከባድ አለርጂ ያለበትም እንዲሁ። በደሙ ውስጥ ኤችአይቪ ያለበት ልጅ በጥቅሉ አይከልከል፤ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የመከላከል አቅሙ ጥሩ ከሆነ ሐኪሙ ሊፈቅድለት ይችላል፣ ጉድፍ ከሌሎች ይልቅ የሚበረታውም በእርሱ ላይ ስለሆነ ጥያቄውን ማንሳት ይገባል። ጉንፋን ወይም መጠነኛ ተቅማጥ ክትባት ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም።

ዘመዳችን ከጅቡቲ ወይም ከዓረብ አገር ክትባቱን በሻንጣ ይዞ ቢመጣስ?

አይሆንም። ከጉድፍ ክትባት ዓይነቶች አንዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪና ከዚያም በበለጠ ቅዝቃዜ በረዶ ሆኖ የሚቀመጥ ነው፤ ሌሎቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ሻንጣ ውስጥ ሙቀት ያገኘው ክትባት ቫይረሱ ይሞታል፣ ነገር ግን ብልቃጡ ከቀድሞው አይለይም። ልጁ ይወጋል፣ ያለቅሳል፣ ካርዱም ይሞላል፤ ጥበቃ ግን የለም፣ ወላጁም እንደተከተበ ልጅ ይቆጥረዋል።

ይኸው ጥያቄ በከተማችን ላሉ ተቋማትም መቅረብ አለበት። በድሬዳዋ ሙቀት መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው በምን እንደሚሠራ፣ የሙቀት መጠኑ በየቀኑ እየታየ የሚመዘገብበት ወረቀት በማቀዝቀዣው በር ላይ መኖሩን፣ የክትባቱ መጠቀሚያ ጊዜ አለማለፉን ይጠይቁ። ክትባቱ በደረቅ ዱቄት መልክ በትንሽ ብልቃጥ ነው የሚመጣው፤ ባለሙያው በፊትዎ ማሟሟያውን ጨምሮ፣ በጥብጦ፣ ሳይዘገይ ሊወጋው ይገባል። ጠዋት ተበጥብጦ ጠረጴዛ ላይ የዋለ ክትባት ለልጅዎ እንዲሰጥ አይፍቀዱ። እንዲህ ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያም በደስታ ያሳያል።

ክትባቱ ውስጥ የአሳማ ጄላቲን አለ ሲባል ሰምተናል። እውነት ነው?

እንደ ክትባቱ ዓይነት ይለያያል። ቫሪቫክስ የተባለው ከአሳማ የተገኘ ጄላቲን አለበት፤ ጄላቲኑ ቫይረሱን ከብልሽት ለመጠበቅ የገባ ነው። ቫሪልሪክስ የተባለው ግን ጄላቲን የለበትም። ስለዚህ ጉዳዩ የሚያሳስበው ቤተሰብ የክትባቱን ስም አስቀድሞ ጠይቆ መምረጥ ይችላል።

ምርጫ ከሌለስ ለሚለው፣ በ1995 (እ.ኤ.አ.) በእስላማዊ የሕክምና ሳይንስ ድርጅት በተጠራ ጉባኤ የተሰበሰቡ የእስልምና ሕግ ሊቃውንት፣ ከረከሰ እንስሳ የተገኘ ነገር በአሠራሩ ሂደት ባሕርዩ ተለውጦ ሌላ ነገር ከሆነ እንደሚፈቀድ ተስማምተው፣ ጄላቲንንም በዚሁ አይተውታል። የጉድፍ ክትባት በሳዑዲ ዓረቢያ የሕጻናት መደበኛ ክትባት ውስጥ መሰጠቱም ይታወቃል። ውሳኔው ግን የሃይማኖት ጉዳይ ስለሆነ፣ የምርቱን ስም ይዞ የሚያምኑትን ዑለማ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የጤና ባለሙያ ድርሻ በብልቃጡ ውስጥ ያለውን ሳይደብቅ መናገር ነው።

ክትባቱ በኋላ ዘመን አልማዝ ባለጭራ ያመጣል ይባላል። እንዴት ነው?

አልማዝ ባለጭራ የሚመጣው ከዚሁ ከጉድፍ ቫይረስ ነው። ጉድፍ ከዳነ በኋላ ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም፤ በነርቭ ሥሮች ውስጥ ተደብቆ ኖሮ፣ ዕድሜ ሲገፋ ወይም የመከላከል አቅም ሲዳከም ይቀሰቀሳል። በክትባቱ ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፤ ነገር ግን በተከተቡ ልጆች ላይ አልማዝ ባለጭራ የሚታየው ጉድፍ ከወጣባቸው ልጆች ባነሰ ቁጥር ነው። ክትባቱ ስጋቱን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም።

ጥቂት ልጆች ብቻ ከተከተቡ በሽታውን ወደ አዋቂዎች ያሸጋግራል የሚባለው እውነት ነው? እንግዲያውስ ማስከተብ ጥፋት አይሆንም?

ሐሳቡ መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው አቋም፣ አንድ አገር የጉድፍን ክትባት በመደበኛ መርሐ ግብር ውስጥ ሲያስገባ ከልጆቹ ቢያንስ 80 በመቶውን ያለማቋረጥ መድረስ እንዲችል አሳስቧል። ምክንያቱም ግማሹ ተከትቦ ግማሹ ቢቀር፣ በሽታው እየተመናመነ ሲሄድ ያልተከተቡት በልጅነታቸው ሳይገናኙት ያድጉና ይበልጥ በሚጎዳበት ዕድሜ ይገናኙታል። እንግሊዝን የመሰለች ሀብታም አገር እንኳ ለረጅም ዓመታት ስታመነታ ቆይታ፣ ለሕጻናት ሁሉ ለመስጠት የወሰነችው በ2025 (እ.ኤ.አ.) ነው። አገራችን ኩፍኝን፣ የሳምባ ምችንና ተቅማጥን በማስቀደሟ አልተሳሳተችም።

ነገር ግን ይህ የአገር ስሌት ነው። በድሬዳዋ ጥቂት ቤተሰቦች ከፍለው ቢያስከትቡ ቫይረሱ በከተማው ውስጥ መዘዋወሩን አያቆምም፤ ስለዚህ ሌሎች ልጆች በሽታው የሚይዛቸው ዕድሜ በዚያ ምክንያት አይለወጥም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለተከተበው ልጅ ለራሱ ነው፤ አንድ ዙር ብቻ ወስዶ የቀረ ልጅ ጥበቃው ሳይሟላለት ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ የጀመረ ሁለቱንም ዙር ይጨርስ።

ልጆቼን ይዤ ወደ ውጭ ልሄድ ነው። ያስፈልገኛል?

ወደ አሜሪካ የሚሄድ ልጅ በአብዛኛዎቹ ግዛቶች ትምህርት ቤት ሲገባ የጉድፍ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል፤ ለቋሚ መኖሪያ የሚደረገው የጤና ምርመራም የክትባት ካርድን ያያል። እዚህ የሚሰጥ ክትባት ካለ በቀን፣ በምርቱ ስምና በመለያ ቁጥሩ በካርዱ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ያድርጉ፣ ካርዱንም ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ክትባቱን ሳይወስድ የሄደ ልጅም እዚያ ይከተባል፤ ለዚህ ተብሎ ጉዞ አይስተጓጎልም።

አቅማችን ለሁሉም ልጆች ሁለት ሁለት ዙር አይፈቅድም። ማንን እናስቀድም?

ገንዘቡ የሚመጣው ከልጆቹ ምግብ፣ ከትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ከብድር ከሆነ አያስከትቡ፣ በዚህም ራስዎን አይውቀሱ፤ ጤነኛ ልጅ በጥሩ እንክብካቤ ጉድፍን የማለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። የተወሰነ አቅም ካለ ግን እኔ የማስቀድመው ትንሹን ሳይሆን ትልቁን ነው፤ ዕድሜው 13 ዓመት ደርሶ ጉድፍ ያልወጣበት፣ በተለይም ሴት ልጅ። በዚያ ዕድሜ በሽታው እየከበደ ይሄዳል፣ ሁለቱም ዙሮች ያስፈልጋሉ፣ በጥቂት ሳምንታት ልዩነትም ያልቃሉ። ቀጥሎ የመከላከል አቅሙ ከተዳከመ ሰው ጋር አንድ ቤት የሚኖረው ልጅ ይመጣል።

ለቀሩት ትናንሾች ዛሬ አንድ አንድ ዙር ሰጥቶ ሁለተኛውን አቅም ሲገኝ ማስከተል ይቻላል። አሜሪካም ከ1995 እስከ 2006 (እ.ኤ.አ.) ለሕጻናት የምትሰጠው አንድ ዙር ብቻ ነበር፣ በዚያም ብዙ ከባድ ሕመም ቀርቷል። ሁለተኛው ዙር ቢዘገይ እንደ አዲስ መጀመር አያስፈልግም፤ ከቆመበት ይቀጥላል፣ ለዚህም የመጀመሪያው ዙር የተጻፈበት ካርድ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ነው።